ተከራይ የለቀቀው ቤት ምን ያስከፍላል?

በዋሽንግተን ዲሲ አንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቤቶች ይታሰቡ። ሁለቱም በከተማዋ ግምት 500 ሺህ ዶላር ያወጣሉ። በአንደኛው ተከራይ ይኖራል፤ ሁለተኛው ተዘግቷል። ከተማዋ ለብዙ ዓመታት በሠራችበት ቀመር መሠረት፣ ሰው የሚኖርበት ቤት ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ግምት ላይ 85 ሳንቲም የንብረት ግብር ይከፈልበታል። ባዶ ተብሎ በተመደበው ቤት ላይ 5 ዶላር፣ ባዶ ከመሆኑም በላይ ፈራርሶ ለአካባቢው አደጋ በሆነው ላይ ደግሞ 10 ዶላር ይጣላል። ሲሰላ የመጀመሪያው ባለቤት በዓመት 4,250 ዶላር፣ የሁለተኛው ባለቤት 25,000 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። ይኸው የተዘጋው ቤት ተጎሳቁሎ ወደ መጨረሻው ምድብ ከገባ ዕዳው 50,000 ዶላር ይደርሳል።

ይህ ልዩነት ያስደነግጣል፤ ግን ቢያንስ ቁጥሩ ተጽፎ በፖስታ ይመጣል፤ ባለቤቱም አቤት ሊልበት ይችላል። ደብዳቤ የማይጻፍለት ሌላ ጉዳት ግን አለ። ቤቱ ሰው አልባ ከሆነ በኋላ የኢንሹራንስ ሽፋኑ በውሉ ውስጥ በተጻፉ ጥቃቅን አንቀጾች አማካይነት እየተሸራረፈ ይሄዳል። የኢንሹራንስ ክፍያው፣ ማለትም አረቦኑ፣ እንደ ወትሮው ከባንክ ሒሳብ ይቆረጣል። ሽፋኑ እንደ ወትሮው አለመሆኑን ግን ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ጉዳት ደርሶ ካሳ ሊጠይቅ ሲሄድ ነው።

ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ ካሉት የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች ትልቁ የሚገኘው በዚሁ በዲሲና በዙሪያዋ፣ በሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያ ነው። ከእነዚህ ቤተሰቦች ብዙዎቹ በዓመታት ልፋት መጀመሪያ የገዙትን ኮንዶ ወይም ታውንሃውስ ሳይሸጡ አከራይተው ወደ ሰፋ ያለ ቤት ተዛውረዋል። ያ የመጀመሪያው ቤት የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የጡረታ መደጎሚያ፣ አገር ቤት ላሉ ወላጆች የሚላክ ገንዘብ ምንጭ ነው። ተከራይ ሲለቅ የሚናጋው ይህ ሁሉ ነው።

የማይቆመው ወጪ

ኪራይ ሲቋረጥ ወጪው አብሮ አይቋረጥም። የባንክ ብድሩ፣ የንብረት ግብሩ፣ ኢንሹራንሱ፣ የኮንዶ ወይም የመንደር ማኅበሩ ወርሃዊ መዋጮ በቀናቸው ይመጣሉ። ከዚህ ቀደም ተከራዩ ይከፍላቸው የነበሩት የመብራት፣ የጋዝና የውኃ ሒሳቦች ወደ ባለቤቱ ስም ይዞራሉ። ሣሩ መታጨድ አለበት። በረዶ ሲጥል ደግሞ የዲሲ ሕግ በቤቱ ፊት ለፊት ያለው የእግረኛ መንገድ በረዶው ባቆመ በመጀመሪያዎቹ 8 የቀን ብርሃን ሰዓታት ውስጥ እንዲጠረግ ያዛል። ቤቱ ባዶ ነው ብሎ ከዚህ ግዴታ ማምለጥ አይቻልም።

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ቤት በወር 3,000 ዶላር ይከራይ ነበር እንበል። ተከራዩ ወጣ፤ አዲስ የመጣው ሰው 2,850 ዶላር እከፍላለሁ አለ። ባለቤቱ በ150 ዶላር ልዩነት ተከፍቶ ሌላ ሰው መጠበቅ መረጠ። ቅናሹን ቢቀበል በዓመት የሚያጣው 1,800 ዶላር ነበር። አንድ ወር ብቻ ቢጠብቅ ግን 3,000 ዶላር አጥቷል፤ ሁለት ወር ከጠበቀ 6,000። በዚህ ላይ የመብራቱና የማሞቂያው ሒሳብ አልተደመረም። ብዙ አከራዮች በወርሃዊው ኪራይ መጠን ላይ ሲከራከሩ በዓመቱ ውስጥ ቤቱ ባዶ የቆየባቸውን ሳምንታት ሳይቆጥሩ ይቀራሉ፤ ዓመታዊ ገቢውን የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው።

የፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት በዚህ ላይ ግልጽ መመሪያ አለው። ቤቱ ለኪራይ ዝግጁ ሆኖ ተከራይ እየተፈለገለት ከሆነ፣ ባዶ በቆየበት ጊዜ የወጣው የኢንሹራንስ፣ የጥገናና የመብራት ወጪ ከገቢ ላይ ይቀነሳል። የሕንፃው የእርጅና ቅናሽም እንደዚያው ይቀጥላል፤ ለመኖሪያ ኪራይ ቤት የሚታሰበው በ27 ዓመት ተኩል ተከፋፍሎ ነው። ያልተገኘው ኪራይ ግን እንደ ኪሳራ አይቆጠርም። ሁለት ወር ቤቱ ባዶ ስለቆየ 6,000 ዶላር ቀንሱልኝ ማለት አይቻልም። ለቅናሹ መብት ማስረጃው ደግሞ ማስታወቂያው የወጣበት ቀን፣ ከደላላው ጋር የተደረገ ውልና የተከፈሉ ደረሰኞች ናቸው።

ስልሳ ቀን

የአሜሪካ መድን ሰጪዎች ባዶ ቤትን መፍራት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1886 የኒውዮርክ ግዛት ያወጣው መደበኛ የእሳት መድን ውል አንድ ሕንፃ ለ10 ቀናት ሰው አልባ ሆኖ ከቆየ ውሉ ዋጋ እንደሚያጣ ይደነግግ ነበር። በ1943 በወጣውና ወደ ሌሎች ግዛቶች በተዛመተው ውል ይህ ገደብ ወደ 60 ተከታታይ ቀናት ከፍ አለ። ያ ቁጥር እስከ ዛሬ በብዙ ውሎች ውስጥ አለ። አንዳንድ ኩባንያዎች ወደ 30 ቀን ስለሚያወርዱት የራስን ውል አውጥቶ ማንበብ ግድ ነው።

በመደበኛው የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት መድን ውል ቤቱ ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ከ60 ተከታታይ ቀናት በላይ ባዶ ከነበረ፣ ሰዎች ሆን ብለው ላደረሱት ጥፋት ካሳ አይከፈልም። መስኮት ቢሰበር፣ ግድግዳ ቢበሳ፣ የመዳብ ቱቦዎች ለቁርጥራጭ ሽያጭ ተነቅለው ቢወሰዱና ቤቱ ቢበላሽ ኩባንያው ይህን አንቀጽ ያነሳል። በተሻሻለው የመደበኛው ውል እትም ሐረጉ ሰፍቷል፤ በዚያው የጥፋት ድርጊት ሂደት የተከተለውን ጉዳትም ይጨምራል። ገብቶ የነበረ ሰው እሳት ለኩሶ ቢሄድ ድርጊቱ እንደ ቃጠሎ ወይስ እንደ ማበላሸት ይቆጠር የሚለው ጥያቄ በተለያዩ ግዛቶች ፍርድ ቤቶች ቀርቦ የተለያየ መልስ አግኝቷል።

የንግድ ሕንፃ ላላቸው ደንቡ የበለጠ ይጠብቃል። በተለመደው የንግድ ንብረት ውል ሕንፃው ከ60 ቀን በላይ ባዶ ከሆነ ለስርቆት፣ ለውኃ ጉዳት፣ ለመስታወት ስብራትና ሆን ተብሎ ለሚደርስ ጥፋት ምንም አይከፈልም፤ እንደ እሳት ላለው ሌላ አደጋ የሚከፈለው ካሳም በ15 በመቶ ይቀነሳል። ከታች ሬስቶራንት፣ ከላይ ቢሮ ያለው ሕንፃ ባለቤት አንድ ተጨማሪ ቁጥር ማወቅ አለበት፤ ከጠቅላላው ወለል ቢያንስ 31 በመቶው ካልተከራየ ወይም ለተለመደ ሥራ ካልዋለ ሕንፃው በሙሉ ባዶ ተብሎ ይቆጠራል። በግንባታ ወይም በእድሳት ላይ ያለ ሕንፃ ግን ባዶ አይባልም።

መድን ሰጪዎች ዕቃው ወጥቶ ያለቀ ቤትንና ባለቤቱ ለጊዜው የሄደበትን ቤት ለያይተው ያያሉ። ሶፋው፣ አልጋውና ልብሱ ባለበት፣ ባለቤቱ ለሦስት ወር አዲስ አበባ ሄዶ የሚመለስበት ቤት ሰው የሌለበት ነው እንጂ ባዶ አይባልም። ተከራይ ዕቃውን ጭኖ የወጣበት ቤት ግን ባዶ ነው። የ60 ቀኑ ቆጠራ በአብዛኛው የሚመለከተው ይህን ሁለተኛውን ነው። ቧንቧ ቀዝቅዞ ቢፈነዳ ግን ሁለቱም በአንድ ደንብ ሥር ይወድቃሉ። እዚህ ላይ ውሉ የሚጠይቀው ባለቤቱ ማሞቂያውን እየሠራ ለማቆየት ወይም ውኃውን ዘግቶ ቱቦዎቹን ለማራገፍ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጉን ነው፤ ቀን አይቆጠርም። ይህን ያላደረገ በመጀመሪያው ሳምንትም ካሳ ሊከለከል ይችላል።

የውሉ ዓይነትም ራሱ ወጥመድ አለው። ራሱ የሚኖርበትን ቤት መድን የገዛ ሰው ወጥቶ ሲያከራይ ውሉን ወደ አከራይ መድን ካልቀየረ፣ ኩባንያው ቤቱ መኖሪያህ አይደለም ሊለው ይችላል። እስከ ኒውዮርክ ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤት የደረሰ አንድ ክርክር ነገሩ ምን ያህል እንደሚያሠቃይ ያሳያል። ባልና ሚስት ቤት ገዝተው የመኖሪያ ቤት መድን ገቡ፤ ሊገቡበት ሲሉ ምስጥ እንጨቱን እንደበላው ተረዱ። ጥገናው ሳያልቅና እነርሱም ሳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2006 ቤቱ ተቃጠለ። ኩባንያው ስላልኖራችሁበት አልከፍልም አለ። ፍርድ ቤቱ በ2012 በሰጠው ውሳኔ ውሉ መኖር ማለት ምን እንደሆነ በግልጽ አላስቀመጠም በማለት የኩባንያውን ክርክር ሳይቀበል ቀረ። ባለቤቶቹ ይህን ለመስማት ከቃጠሎው በኋላ ስድስት ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

ሰው በሌለበት ምን ይሆናል?

የኩባንያዎቹ ጥንቃቄ ምክንያት አለው። ሰው በሚኖርበት ቤት ሌሊት ውኃ ሲንጠባጠብ የሚሰማ ጆሮ፣ የሽቦ ቃጠሎ የሚያሸት አፍንጫ አለ። ባዶ ቤት ውስጥ ትንሹ ብልሽት ሳምንታት ያገኛል።

የውኃው ነገር ከሁሉም ይበልጥ የተለመደ ነው። ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቱቦው ግን ብዙ ጊዜ የሚፈነዳው በረዶው በተጋገረበት ቦታ አይደለም፤ በበረዶው ግግርና በተዘጋው ቧንቧ መካከል የታሰረው ውኃ ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ ደካማውን መገጣጠሚያ ይሰብራል። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት ውጪው ወደ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች ሲወርድ ሙቀት መከላከያ የሌላቸው ቱቦዎች አደጋ ላይ እንደሚወድቁ አሳይቷል። የመድን ሰጪዎች የተለመደ ምክር ደግሞ ቴርሞስታቱ ከ13 ዲግሪ በታች እንዳይደረግ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስንጥቅ በአንድ ቀን ወደ 950 ሊትር ውኃ ሊያፈስ እንደሚችል ኩባንያዎች ለደንበኞቻቸው ይናገራሉ። የማሞቂያ ወጪ ለመቆጠብ ሂተሩን ያጠፋ አከራይ የቆጠበው ጥቂት ነው፤ ሊያጣ የሚችለው ግን ወለሉን፣ ጣሪያውንና ቤዝመንቱን ነው።

ፍንዳታ ሳይሆን ጠብታ ከሆነስ? ውሎቹ ለሳምንታት ወይም ለወራት ቀስ እያለ ለዘለቀ ፍሳሽ በአብዛኛው አይከፍሉም። ሻጋታውም እንደዚያው በጣም የተገደበ ሽፋን ነው ያለው። ሰው ቢኖር በሁለተኛው ቀን የሚታይ ጠብታ ባዶ ቤት ውስጥ ከሽፋን ውጭ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

እሳት ደግሞ ከንብረት ያልፋል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 በማሳቹሴትስ ግዛት ዉስተር ከተማ፣ ሥራ ባቆመ የቀዝቃዛ መጋዘን ሕንፃ ውስጥ ተጠልለው የነበሩ ሰዎች ያበሩት ሻማ ወድቆ እሳት ተነሳ። ውስጥ ሰው ሊኖር ይችላል ብለው የገቡ ስድስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። ከዲሲ የአንድ ሰዓት መንገድ በማይሞላው ባልቲሞር ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥር 24 ቀን 2022 ባዶ የነበረ ባለ ብዙ ፎቅ ታውንሃውስ ሲቃጠል ተደርምሶ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሕይወታቸውን አጡ። በዚያን ወቅት በከተማዋ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ባዶ ቤቶች ነበሩ። ከተሞች ባዶ ቤት ላይ ከባድ ግብር የሚጥሉት ገቢ ፈልገው ብቻ እንዳልሆነ እነዚህ ሞቶች ያስረዳሉ።

ሽፋኑን ማስቀጠል

መፍትሔው የተደበቀ አይደለም፤ ግን ባለቤቱ ራሱ መጠየቅ አለበት። የመጀመሪያው መንገድ በነባሩ ውል ላይ ባዶ ቤትን የሚፈቅድ ተጨማሪ አንቀጽ ማስገባት ነው። ኩባንያው አንዳንዴ ለተወሰኑ ወራት ይህን በጥቂት ተጨማሪ አረቦን ይሰጣል። ሁለተኛው ለባዶ ቤት የተዘጋጀ ለብቻው የሆነ ውል መግዛት ነው። ይህ ከመደበኛው ይወደዳል፤ ሽፋኑም ጠበብ ይላል። ብዙ ጊዜ በስም የተዘረዘሩትን እንደ እሳት፣ መብረቅና ነፋስ ያሉ አደጋዎች ብቻ ይሸፍናል፤ ሆን ተብሎ የሚደርስ ጥፋትና በሦስተኛ ወገን ላይ የሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት ተጨማሪ ክፍያ ሊያስጠይቁ ይችላሉ። ሁለቱም መንገዶች ቅድመ ሁኔታ አላቸው፤ ቤቱ በየጊዜው እንዲጎበኝ፣ በሮቹ እንዲቆለፉ፣ ውኃው እንዲዘጋ ወይም ማሞቂያው እንዲሠራ ይጠይቃሉ።

በአከራይ መድን ውስጥ የጠፋ ኪራይ ሽፋን አለኝ ብሎ መጽናናትም ስህተት ነው። ያ ሽፋን የሚሠራው ቤቱ በተሸፈነ አደጋ፣ ለምሳሌ በእሳት፣ ለመኖሪያ የማይሆን ሲሆንና ጥገናው እስኪያልቅ ኪራይ ሲቋረጥ ነው። ተከራይ ስላልተገኘ ብቻ ለባዶ ወራት የሚከፍል መደበኛ ውል የለም።

ለተበሳጨ ባለቤት ኢንሹራንሱን ሰርዞ መቆየትም የሚታይ አማራጭ ይመስላል። የባንክ ብድር ያለበት ግን አይችልም። ሽፋኑ ከተቋረጠ አበዳሪው ራሱ መድን ገዝቶ ወጪውን በባለቤቱ ላይ ይጭናል። የፌዴራል ደንብ ይህን ክፍያ ከመጫኑ ቢያንስ 45 ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። እንዲህ ያለው መድን በአብዛኛው ውድ ነው፤ ዋና ጥበቃውም ለአበዳሪው ጥቅም እንጂ ለባለቤቱ ድርሻ ወይም ዕቃ አይደለም።

ለዲሲ ባለቤቶች የግብሩ መውጫም አለ። ባዶ ቤት በ30 ቀን ውስጥ ለከተማዋ የሕንፃዎች መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት። ባለቤቱ ቤቱን በእውነት ለኪራይ ወይም ለሽያጭ ገበያ ላይ ማዋሉን፣ ፈቃድ ወጥቶለት እየታደሰ መሆኑን፣ ወይም የውርስ ጉዳዩ በፍርድ ቤት መያዙን ካስረዳ ለተወሰነ ጊዜ ከከባዱ ግብር ነፃ ይሆናል። ነፃነቱ ማመልከቻ ይፈልጋል፤ ዝም ላለ ባለቤት በራሱ አይመጣም።

አዲስ አበባ ያለው ቤት

ዲሲ ወይም ስቶክሆልም ወይም ዱባይ የሚኖር ኢትዮጵያዊ አዲስ አበባ ላይ ኮንዶሚኒየም ወይም አፓርታማ ኖሮት፣ ተከራይ ከወጣ በኋላ ቁልፉን ለዘመድ ሰጥቶ መቆየቱ የተለመደ ነው። እዚያም ደንቡ እየተለወጠ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ዝቅተኛ ዘመን ሁለት ዓመት፣ የቅድሚያ ክፍያ ጣሪያ ሁለት ወር አድርጓል። ለኪራይ የሚውል ቤት ከስድስት ወር በላይ ያለ ተከራይ ተዘግቶ ከቆየም፣ ቢከራይ ኖሮ ይከፈል የነበረውን ግብር የሚያስከፍል ድንጋጌ ይዟል። የተሻለ ዋጋ እስኪመጣ ቤቱን ዘግቶ መጠበቅ ከእንግዲህ በነፃ የሚገኝ ምርጫ አይደለም።

ከመድን አንፃርም ባለቤቱ ግዴታ አለበት። ለመድን ውሎች መሠረት የሆነው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ፣ አደጋውን የሚያብስ ሁኔታ ሲፈጠር መድን ገቢው ለመድን ሰጪው እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ሰው ይኖርበት የነበረ ቤት ሲዘጋ ይህ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። በብዙ አገሮች በሚሠራበት የእሳት መድን ውል አጻጻፍ ደግሞ ሕንፃው ከ30 ቀን በላይ ሰው አልባ ከሆነ ሽፋኑ ኩባንያው በጽሑፍ ካልፈቀደ በስተቀር ይቋረጣል። የእሳትና የመብረቅ መድን ያለው ባለቤት ይህ አንቀጽ በእርሱ ውል ውስጥ መኖር አለመኖሩን ወኪሉን በኢሜይል መጠየቅ ይችላል፤ ቁልፉን የያዘው ዘመድም የውኃ ቆጣሪውን መዝጊያና የመብራት ማጥፊያውን ማወቅ አለበት።

ተከራይ ልለቅ ነው ሲል

ሥራው የሚጀምረው ቁልፉ ከመመለሱ በፊት ነው። ተከራይ የመልቀቂያ ማስታወቂያ በሰጠ ሳምንት ቤቱ ለገበያ ይውጣ፤ የሚታይበት ቀንም ከነባሩ ተከራይ ጋር በአክብሮት ይወሰን። ቀለም ቅብና ጥገና ለሚሠሩ ባለሙያዎች ቀጠሮ የሚያዘው ያኔ ነው፤ ቤቱ ባዶ ከሆነ በኋላ ባለሙያ መፈለግ በራሱ ሁለት ሦስት ሳምንት ይበላል።

ለመድን ኩባንያው የሚጻፈው ደብዳቤ አጭር ሊሆን ይችላል። ቤቱ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ባዶ እንደሚሆን፣ እድሳት ካለ መቼ እንደሚያልቅ፣ ማን በየስንት ቀኑ እንደሚጎበኘው ይገለጽ። ከዚያ ሦስት ጥያቄዎች ይቀርባሉ፤ በዚህ ውል ቤቱ ባዶ የሚባለው መቼ ነው? ከዚያ ቀን በኋላ የትኞቹ አደጋዎች ሽፋን ያጣሉ? ለማስቀጠል ምን ያህል ይከፈላል? በስልክ የተሰጠ መልስ በኋላ ሊካድ ስለሚችል መልሱ በጽሑፍ ይምጣ።

በየጉብኝቱ ቴርሞስታቱ፣ ቤዝመንቱ፣ በሩና መስኮቱ ፎቶ ይነሱ፤ የእጅ ስልክ ፎቶ ቀኑንና ሰዓቱን ራሱ ይመዘግባል። በረዶ በሚጥልበት ወር ተገቢውን ጥንቃቄ አድርገሃል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ለባለቤቱ የሚመሰክሩለት እነዚህ ፎቶዎች፣ የማሞቂያው ሒሳብ ደረሰኝና ከኩባንያው የመጣው የጽሑፍ መልስ ናቸው።